ቀኑ ያልታየበት ገጽ

ውድ ተስፋነሽ፣

ነፍስሽን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ። በየማለዳው ጸሎት ስምሽን እጠራለሁ፤ ይህን ግን አፌ እምቢ ስላለኝ ጻፍኩት። እህትሽ ገለኔ ዓርባሽ ላይ ያልተገኘችው በእኔ ጥፋት ነው።

ልጃችን ሲፋን ኮምፒውተር ተምራ ለሰው ድረ ገጽ እንደምትሠራ ታውቂያለሽ። ላንቺም የመታሰቢያ ገጽ ሠራችልሽ፤ ፎቶሽ፣ የሕይወት ታሪክሽ፣ ዓርባሽ የሚውልበት ቀንና ሰዓት ያለበት። እኔም ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሱቅና የመሥሪያ ቤት ታፔላ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ለክቼ ነው ፊደል የማሰፍረው። ፎቶውን በግራ፣ ታሪኩን መሐል፣ ቀኑን በቀኝ አድርጊ አልኳት።

«አባዬ፣ ስፋቱን እንዲህ ከቆለፍነው በስልክ ሲከፈት ቀኝ በኩሉ አይታይም» አለችኝ። «እንደየስልኩ የሚጠብና የሚሰፋ ላድርገው። ቀኑ ከፎቶው ሥር ይወርዳል።»

«እናትሽ ጎማ ናት እንዴ የምትለጠጠው? የተለካ ነገር ባለበት ይቆማል።»

«ታፔላ እኮ ኪስ ውስጥ አይገባም፣ አባዬ» ብላ ፈገግ አለች።

እኔ አልሳቅኩም። እሷም እንዳልኳት ሠራችው። በኮምፒውተሯ ላይ ሳየው አምሮብሽ አለቀስኩ። ለዘመድ ሁሉ በስልክ ተላከ። ድሮ ቢሆን ገለኔ ጋ ቡሬ ድረስ ሰው እልክ ነበር። «ሁሉም ገጹ ላይ አለ» ብዬ ለገለኔ እንኳ አልደወልኩም።

ዓርባሽ ቅዳሜ ዋለ። እሁድ ረፋዱ ላይ የድንኳኑን ሸራ ስናጣጥፍ ገለኔ ከአውቶቡስ ወርዳ መጣች። በእጇ የሠራችውን ጧፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛለች። ሸራውን አየችና ቆመች።

«ኦቦሌቲ ኮ! እህቴን ያለ እኔ?»

ስልኳን አውጥታ ፊቴ ላይ ያዘችው።

«በል አሳየኝ፣ ሁንዴሳ። ይኸው ተስፋነሽ። ይኸው ታሪኳ። ቀኑ የታለ? እኔማ እንደ ቤታችን ልማድ እሁድ ነው ብዬ!»

ገጹን በጣቴ ወደ ግራ ገፋሁት። ቀኑ ከተደበቀበት ብቅ አለ። ገለኔ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አየች።

«እህቴን እንዲህ ወዲያና ወዲህ እየጎተትኩ ልፈልጋት ኖሯል?»

ጧፉን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች።

ሲፋን ገጹን በዚያው ዕለት አስተካከለችው። አሁን በትንሿ ስልክ ላይም ቀኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ያለፈ ቀን። አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም። ዝምታዋ ያንቺ ነው።

ያንቺ ዝምታ አሁን ነው የከበደኝ። ታመሽ ሳለ «አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዙርልኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትን እያየሁ ልሳለም» አልሽኝ። «ቁም ሣጥኑ አለ፣ አይገባም» አልኩሽ። ሳልለካ! ለሰው ቆርቆሮ ሁለት ሦስቴ የምለካው ሰውዬ! ደግመሽ አልጠየቅሽኝም።

ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ቡሬ ራሴ እሄዳለሁ። ገለኔ ብታስገባኝም ባታስገባኝም ደጃፏ ቆሜ ቀኑን በአፌ እነግራታለሁ።

ትናንት ሜትሬን አወጣሁ። ቁም ሣጥኑን ሳልነካ አልጋሽን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ገባ። አራት ጣት ተረፈ።

ባልሽ ሁንዴሳ
መቱ