የተዘለለው ተራ

ይድረስ ለአበልጄ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ስኳርህ እንዴት ሆነ? እኔ ብርድ ሲገባ ጉልበቴን ከሚይዘኝ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ክርስትና ያነሳሃት ሩታም ደህና ናት።

ሰላምታው ይኸው ነው። አሁን የደበቅኩትን ልንገርህ። ባለቤቴ ወይንሸት ከሞተች ወዲህ ቂም ይዤብህ ከአንድ ጽዋ ስጠጣ ኖሬአለሁ። የተጣላ ሰው ከሚካኤል ጽዋ እንደማይቀምስ ታውቃለህ። የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው፣ በየወሩ "የተቀያየማችሁ አላችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ አንተ ፈገግ ብለህ ታየኛለህ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። ቤቴ ገብቼ ስጸልይ ግን፣ ጠላት የሚረገምበት ቦታ ስደርስ ያንተን የክርስትና ስም እጨምርበታለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ምክንያቱን ረስተኸው ይሆናል። ዌሪቢ ሰፈር ያለው የማኅበራችን ቤት ሲገዛ፣ ወይንሸት ብሮኮሊ እርሻ ላይ እጇ በውርጭ እየተሰነጠቀ የሠራችበትን ኦቨርታይም ሳትሰስት ሰጠች። "አርባዬን እዚያ ታወጡልኛላችሁ" ትል ነበር እየሳቀች። ስትሞት ቁልፉን ለመንኩህ። "ሾፌሮቼ አድረውበታል፣ አይመችም። ሟች እንደሆነች አትታዘበን" አልከኝ። አርባዋን ጋራዤ ውስጥ፣ በዘይት ሽታ መካከል አወጣሁ። ሰው ቆሞ በላ። አንተም መጥተህ በላህና "ወጡስ ይጣፍጣል" አልክ።

ቤቱን ኩባንያ በአደራ ይያዝልን ብለህ ኩባንያውን ያቋቋምከው አንተ ነህ፤ የተማርከውም አንተ ነበርክ። ባለአደራውን የሚሽርና የሚሾም አንድ ሰው ውሉ ላይ ሲያስፈልግ "እሱን ጻፉት፣ ሳይፈቀድለት ወንበር እንኳ አይስብም" ብለህ ሰውን አሳቅህብኝ። እኔም አብሬ ስቄ ፈረምኩ። የጭነት መኪና ንግድህን በዚያው በአደራው ኩባንያ ስም ማካሄድህን፣ የማኅበሩንም ቤት ለባንክ ማስያዝህን የሰማነው ኩባንያው ከከሰረ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የኩባንያውን ንብረት ሸጣ ዕዳውን እንድትከፍል የተመደበችው ሴትዮ ደብዳቤ ላከችልኝ። ሩታ አንብባ አስረዳችኝ። "ዳድ፣ ኩባንያው ከከሰረ ባለአደራነቱ ያበቃል። ቤቱ የማኅበሩ እንጂ የእሱ ስላልሆነ ሴትዮዋ ዝም ብላ ልትሸጠው አትችልም። ወይ ፍርድ ቤት ታስፈቅዳለች፣ ወይ አንተ አዲስ ባለአደራ ትሾማለህ" አለችኝ። "እኔ?" አልኳት። "የስ፣ ዩ" አለች።

አንተም ይህን ታውቅ ኖሯል፤ በማግስቱ በሬን አንኳኳህ። ከአርባዋ ወዲህ ደጄን ረግጠህ አታውቅም ነበር። የሚስትህን ወንድም ኩባንያ እንድሾም፣ እሱም ቤቱን በርካሽ ለራሱ እንዲያስቀር፣ ነገሩ በመካከላችን እንዲቀበር በአበልጅነታችን ለመንከኝ። "አለዚያ ማኅበሩ ከሶ ክሬጊበርን ሰፈር ያለውን ቤቴን ይወስድብኛል፣ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?" ብለህ አለቀስክ። ሻይ አፈላሁልህ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንባህን ሳይ ደስ አለኝ። ደስታዬ ራሴን አስፈራኝ፤ ግን አልመለሰኝም።

ማክሰኞ ሩታ ወሰደችኝና ፈረምኩ። ኩባንያህን ሽሬ ከማኅበርተኛው ፍትዊንና እትዬ በለጥሻቸውን ሾምኩ። ከሴትዮዋ ጋር ተስማምተው ቤቱን በግልጽ ጨረታ ይሸጡታል። ባንኩ ቤቱን ያስያዝክበትን ብድር ይወስዳል፤ የጎደለውን ማኅበሩ ካንተ ይጠይቃል። ይከሰስ ሲባል መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማኅበርተኛው "ደግ አደረግህ፣ አደራ አስከበርክ" ይለኛል። ለአደራው ብዬ እንዳልሆነ የሚያውቁት ሚካኤልና እኔ ነን። አሁን አንተም አወቅህ።

ልጆችህን እግዚአብሔር መጠለያ አያሳጣብህ፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ያንተንም ጤና ይመልስልህ። የትናንቱን ሳልነግርህ ግን አልዘጋም።

ቤቱ ሳይሸጥ አንድ ቀን እንዲከፍቱልኝ አዲሶቹን ባለአደራዎች ለምኜ ነበር። ትናንት ሚካኤልን እዚያ ዘከርን፤ በዚያውም የወይንሸትን ተዝካር አወጣሁ። ሁሉም ተቀምጦ በላ። አንተ አፍረህ ይሁን ፈርተህ ቀረህ። የወሩ ጽዋ በእጄ ነበር፣ ቀጣዩ ተረኛም አንተ ነህ። ሙሴው እንደ ልማዱ "የተቀያየመ አለ?" አለ። "አለ" አልኩ። "ማን ከማን?" ቢለኝ "እኔ ከአበልጄ" አልኩት። ከዚያ ተነሥቼ፣ ጽዋውን ባዶ ወንበርህን አሳልፌ ለፍትዊ ሰጠሁት።

ጠላው ተቀድቶ ሲዞር፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን አልዘረጋሁም። እኔንም ዘለለኝ።

የሩታ አባት፣
አበልጅህ