ሁለተኛ መኪና ፍለጋ

መርሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬ ወልድያ ሄጄ ተመለስኩ። መንግሥት ለአነስተኛ ሥራ እርዳታ ይሰጣል ሲባል ከሰማሁ ወዲህ፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ቢጨመርልኝ እህቴን ዘነበችን ከጎኔ አስቀምጬ ሥራውን እናስፋፋው ነበር እያልኩ ስመኝ ነው የከረምኩት።

የቢሮው ሰው ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው አነበበው። ፊቱ ክፉ አልነበረም።

«ይሰጠኛል ጌታዬ?» አልኩት።

«ጌታዬ ማለት ቀርቷል፤ ጓድ በይኝ። እርዳታው አለ፤ ግን ለግለሰብ አይደለም። መኪናም፣ ጨርቅም፣ ክርም የሚሰጠው ለልብስ ሰፊዎች ማኅበር ነው።»

«እንግዲያው ማኅበሩ ውስጥ እገባለሁ።»

«መግባት ትችያለሽ። መግቢያሽ ያለችሽ መኪና ናት። የማኅበሩ ንብረት ትሆናለች።»

ባሌ ሊዘምት ሲል የገዛልኝ መኪና ናት። ይህንኑ ነገርኩት። አቀርቅሮ፣ «እኔ መኪናሽን ስጪ ብዬ አላስገድድሽም፤ ግን ከመጪው ወር ጀምሮ ለግል ሰፊ ክር አይሸጥም» አለኝ። ክር በአቅራቢያችን ካለው የግራና ገበያ እንኳ ከጠፋ መሰንበቱን አውቃለሁ። የማኅበሩን መግቢያ ወረቀት ፈረምኩ።

ቤት ስደርስ ዘነበች የልብስ ሣጥናችንን ወደ ውጭ አውጥታ፣ ለአዲሱ መኪና ቦታ ስትጠርግ አገኘኋት።

«መቼ ይመጣል አሉሽ?» አለችኝ።

«ሰኞ ይመጣሉ። ያለችንን ሊወስዱ።»

ሣጥኑን ብቻዋን እየጎተተች መልሳ አስገባችው። ላግዛት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን መኪናዋ አጠገብ ተቀምጬ ቀረሁ።