በአዲሱ በር ሥር የተገኘው ጉድጓድ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1968 ዓ.ም.

የድሮው ገዥ ግቢ ሙዚየም ሲሆን ሕዝብ የሚገባበትን በር የነደፍኩት እኔ ነኝ። ቦታውን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። በረሃቡ ጊዜ እናቴ እህል ልትለምን መጥታ፣ "ጎተራው ባዶ ነው" ተብላ፣ በሩ በሚከፈትበት የግቢው ግንብ ሥር ሞታለች።

ዛሬ ግንቡ ፈርሶ መሠረት ሲቆፈር ዶማው ጠፍጣፋ ድንጋይ መታ። ሲነሳ የእህል ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ማሽላው እስከ አፉ ሞልቶ ጠቁሯል። እናቴ ተቀምጣ ከሞተችበት አንድ እርምጃ ነው።

ግንበኛው አያ እንድሪስ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

"ወላሂ ልጄ፣ የመረግሁት እኔ ነኝ። ገዥው ለክፉ ቀን ነው ብለው አስመረጉኝ።"

"ከዚያ የከፋ ቀን መቼ መጣ፣ አያ?"

ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የሙዚየሙ ሥራ ኮሚቴ ሰብሳቢ መጥቶ አየና፣ "ድፈኑት፤ ምረቃው ደርሷል። አንቺም ነገር አታብዢ" አለኝ።

ንድፉን ቀድጄ ሌላ ሠራሁ። በአዲሱ ንድፍ ጉድጓዱ በሩ መሃል ላይ ክፍት ነው፤ ጎብኚው ሁሉ በዳሩ ዞሮ ይገባል። ሰብሳቢው ባይፈርምም ነገ እናስጀምራለን። የአፉን ድንጋይ አሳምሮ የሚጠርብ ግን ከአያ እንድሪስ በቀር እዚህ አገር የለም። እሳቸው ደግሞ ሲሄዱ ዶማቸውን ትተው ነው የሄዱት፤ ነገ ይምጡ አይምጡ አላውቅም።