እስከ በሩ ድረስ

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

የጥርስ ሐኪሙን ወንበሮች ዛሬ አድሼ ጨረስኩ። የአንደኛው ሞላ ላልቶ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ምሳ ዳቦና ሻይ። ሰማዩ ሊዘንብ ጠቋቁሮ ተወው።

ይህን ደብተር የገዛሁት ግን ስለ ወንበር ልጽፍበት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር የያዝኩት ነገር አለ። እስኪ በግልጽ ይጻፍ፦ ባለቤቴን ያስታመምኳት እኔ አይደለሁም።

ጻፍኩት። እጄም አልደረቀም።

ሰው የሚያውቀው ሌላ ነው። በቀብሯ ማግስት የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ቆመው፣ «ይህ ወንድማችን ሰባት ወር ሙሉ በገዛ እጁ አጠባት፣ በገዛ እጁ አጎረሳት፣ አንድ ቀን አላማረረም» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ሐዘን መሰላቸው። ሐፍረት ነበር። ያጠበቻትም ያጎረሰቻትም ታላቅ እህቷ ናት፤ እትዬ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ትንፍሽ አላለችም።

እኔ የት ነበርኩ? እዚሁ ሱቄ። በሽታው ያወጣባት ቁስል መሽተት ሲጀምር እግሬ ወደዚያ ክፍል አልሄድ አለኝ። ማንም ያልቸኮለበትን ሶፋ እየፈታሁ መልሼ እገጥም ነበር። በማስቲሽ ሽታ ውስጥ ተሸሸግኩ። እትዬ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት፤ ሌሊቱን ሠርታ፣ ጠዋት በሁለት አውቶቡስ ትመጣለች፤ ቀን አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም ትላለች፤ ማምሻውን ወደ ሥራዋ። እኔ ከሱቅ ስመለስ እስከ በሩ ድረስ እሄዳለሁ። ቆሜ አዳምጣለሁ። ሲያወሩ፣ አንዳንዴም ሲስቁ። ከዚያ ተመልሼ ሳሎን እቀመጣለሁ። ሌሊት ውኃ ካለችኝ አቀብላታለሁ፤ ትንፋሼን ይዤ።

ሰው ለሚስቱ ትንፋሹን ይይዛል?

ግንቦት 7፣ ረቡዕ

የትናንቱ አላለቀም። የባሰውን ዘልዬዋለሁ።

ልጄ ያኔ ሌላ ከተማ ነበር የምትሠራው። በሰባቱ ወር ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሁለቱም እሑድ። እትዬ «እናትና ልጅ ይጫወቱ» ብላ በእነዚያ ቀናት ቀረች። እኔ ሽርጥ አሰርኩ። ማንኪያ ያዝኩ። ልጄ ፊት እናቷን ሾርባ አጎረስኳት። ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን እያየች ዋጠች። «ተመስገን» አለች። ሌላ ምንም።

«አክስቴስ?» አለች ልጄ።

«ሥራ በዝቶባታል» አልኩ።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል። ልጄ አሁን እዚሁ ተመልሳ ትኖራለች፤ አክስቷን ግን እስከ ዛሬ አታናግራትም። «እናቴ ስትሞት ሥራ የበዛባት» እያለች።

ግንቦት 11፣ እሑድ

የፈራሁት መጣ። ሽማግሌው ከጸሎት በኋላ ክንዴን ይዘው ጥግ ወሰዱኝ።

«በዚህ ወር ስለ ምስጋና እያስተማርን አይደል? በደግ ቀን ማመስገንማ ማንም ያመሰግናል። በክፉ ቀን ያመሰገነ ሰው ይናገርልን። የሁለት ሳምንት እሑድ፣ አንተ።»

«እኔ አፍ የለኝም፣ አባቴ።»

«እጅህ ተናግሯል እኮ!»

እጄን አየሁት። ማስቲሽ የደረቀበት እጅ...

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ልጄም ሰምታ ደወለች። «አባዬ፣ ከፊት ረድፍ ነው የምቀመጠው!»

ግንቦት 13፣ ማክሰኞ

እትዬ ቤት ሄድኩ። ባለፈው ወር የልብስ መተኮሻው ማሽን ቀኝ እጇን አቃጥሏት ከሥራ ቀርታለች። እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ግባ እንጂ፣ በሩ ላይ ምን ይገትርሃል?» አለችኝ።

«እጅሽ እንዴት ነው፣ እትዬ?»

«ቀኙ አርፏል። ግራው ግን ስልሳ ዓመት ሲቦዝን ኖሮ ይኸው ገና ሥራ ያዘ። ተመስገን ነው።»

«ይህም ተመስገን ይባላል?»

«ታዲያ ሁለቱም ቢቃጠል ሻዩን ማን ሊያፈላልህ ነበር? በል ቅዳ፤ ማንቆርቆሪያው ይከብደኛል።»

ሳቀች። በግራ እጇ ስኳር ስትጨምር ግማሹን ጠረጴዛው ላይ በተነችው። «ጉንዳኖቹም ያመስግኑ» አለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የሆቴሉን ሰዎች ስረግም እውል ነበር። አመመኝ ትላለች፤ አትደብቅም። ሌሊት እንዳስለቀሳትም ነገረችኝ። አልቅሳ ታመሰግናለች። እንዴት ነው የሚቻለው? የእኔ ተመስገን ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ጨርቅ የለበሰ፣ ሞላው የሞተ ሶፋ ነው። ከላይ ያምራል። የሚቀመጥበት ሰው ግን ወለሉን ያገኘዋል።

ልነግራት ነበር የሄድኩት። አፌ እምቢ አለ። ወንበሯ ጎድጉዶ አየሁና፣ «ይህን ልውሰድልሽ፣ ላድሰው» አልኩ።

«ዛሬ ገና አየኸው? እኔ እኮ ከሰጠምኩበት ዓመቴ።»

ወንበሯን ተሸክሜ ወጣሁ። ፈሪ።

ግንቦት 15፣ ኀሙስ

የእትዬን ወንበር ፈታሁ። ሞላውን በሙሉ ቀየርኩ። ያለኝን ደህና ስፖንጅ አደረግኩበት። የደንበኛ ሥራ ወደ ጎን።

ስሠራ ባለቤቴ ትዝ አለችኝ። አንድ ትልቅ ሆቴል ወንበሮቹን በሙሉ ለእኔ የሰጠኝ ቀን። ቤት ገብቼ እየተንጎራደድኩ፣ «ይህ እጅ! ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ የለም!» እላለሁ። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ሳትል፣

«እጁንስ ከየትኛው ሱቅ ገዛኸው?»

ሳቅኩ። ቢላዋውን አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ስለ እጄ አመሰገነች። እኔ ቆሜ ጠበቅኳት፤ ርቦኝ ነበር።

ያቺው ሴትዮ ናት በኋላ አንድ ማንኪያ ውኃ ጠጥታ ተመስገን የምትለው። አንድ ሌሊት ውኃ አቀብያት ስወጣ ጠየቅኳት።

«ለምኑ ነው?»

«ወረደልኛ።»

ይህን ብቻ። ወረደልኝ። የደላት ቀን የምትለውና ያን ሌሊት ያለችው ተመስገን ድምፁ አንድ ነበር። ያንኑ ያህል። አሁን ሳስበው ይደንቀኛል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬ ምን ተማርኩ?

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ

ወንበሩን መለስኩ። እትዬ ተቀመጠችበት። ተነሣች። ደግማ ተቀመጠች።

«ንግሥት አደረግኸኝ። ተመስገን። አሁን የመጣህበትን ተናገር።»

«ወንበሩን...»

«ወንበሩ ጥሩ ነው። ፊትህ ነው የጎደጎደው።»

ነገርኳት። ሽማግሌው የጠየቁኝን፣ ለልጄ ያልኳትን፣ ሁሉንም። መሬት መሬት እያየሁ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ተመኘሁትም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «ልጅቷ ሰላም ስትነፍገኝ፣ አንድ ነገር እንደተባለች ገብቶኛል።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ምስጋናውን ከአንተ አፍ ልቀማ? ላጥባት ሄድኩ እንጂ ልመሰገን አልሄድኩም።» ፋሻዋን ነካ ነካ አደረገች። «ከፍቶኛል ግን። አልዋሽህም። በእጄ ያሳደግኳት ልጅ መንገድ ስትሻገርብኝ ከፍቶኛል።»

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገረችኝ።

«ማምሻውን በሩ ላይ ትቆም የለ? ኮቴህ ይሰማን ነበር እኮ።»

«ይሰማችሁ ነበር?»

«እሷማ ትጠብቀው ነበር። ጨዋታችንን አቋርጣ እጇን ታነሣለች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። አንተ ስትቆም፣ ‹መጣ። ተመስገን› ትላለች። በየቀኑ። እኔ አንድ ቀን ተናድጄ፣ ‹ገብቶ እንኳ ላላየሽ ሰው!› አልኳት። ‹እስከ በሩ ድረስ መጥቷል› አለችኝ። ‹እሱ እኮ ይፈራል። ለሚፈራ ሰው እስከ በሩ ሩቅ ነው።›»

እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። እትዬ በግራ እጇ ራሴን ዳበሰችኝ፣ እንደ ልጅ።

ልወጣ ስል፣ «እሑድ ተወው» አለችኝ። «ስለ እሷ ተናገር፣ ስለ እኔ አታንሳ። ልጅቷ አባቷን አታጣ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

ተወው ብላኛለች። የተበደለችው ራሷ ተወው ካለች... ማን ይጠይቀኛል?

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሱቅ ጎራ አለች። ስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች።

«መሥሪያ ቤት ሴቶቹ ባሎቻቸውን ሲያሙ ስለ አንተ ነው የምነግራቸው። አንዷ፣ ‹ፎቶውን አምጪና ለባሌ ላሳየው› አለችኝ።»

«እኔ እንዲያ አይደለሁም።»

«ይኸው! ትሕትናህ ነው የሚገድለኝ።»

«አክስትሽ እጇ ተቃጥሏል።»

ፊቷ ተለወጠ። «ይማራት» አለች። ቦርሳዋን አነሣች። «ስሟን አታንሳብኝ፣ አባዬ። አንተ ይቅር ባይ ነህ፤ እኔ አይደለሁም።»

ይቅር ባይ! እኔ!

ግንቦት 22፣ ኀሙስ

ጸለይኩ። ልመና አልወጣልኝም። ምስጋና ብቻ ሞከርኩ፣ እንደ እነሱ፣ ከትንሹ ጀምሬ። ስለ ወረደልኝ ውኃ። ስለ እጄ። ስለ ባለቤቴ አልኩ። ስለ እትዬ ልል ስል አፌ ተያዘ። ያመሰገንኩ መስዬ የእሷን ምስጋና ኪሴ ውስጥ ይዤ እንዴት ስለ እሷ አመሰግናለሁ?

ገባኝ። ሳልመልስ አላመሰግንም።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

ነገ ነው። ሸሚዜን ተኮስኩ።

ግንቦት 25፣ እሑድ

ዛሬውኑ ይጻፍ።

ልጄ እንዳለችው ፊት ተቀምጣለች። እትዬ የተለመደው ቦታዋ፣ ሦስተኛው ረድፍ። ሽማግሌው አስተዋወቁኝ፤ በቀብሯ ማግስት ያሉትን እንዳለ ደገሙት።

«ያጠብኳት እኔ አይደለሁም» አልኩ።

ማይክሮፎኑ ጮኸ። ሽማግሌው ጥፋቱ የማይክሮፎኑ መስሏቸው ሊያስተካክሉ ተነሡ። ጠበቅኳቸው። ደገምኩት።

«ያጠብኳት እኔ አይደለሁም። ያጎረስኳትም። እኔ እስከ በሩ ድረስ ነበርኩ። ያስታመመቻት እዚያ የተቀመጠችው እህቷ ናት፤ ሌሊት ሠርታ፣ ቀን ምንጣፍ ላይ ጋደም እያለች፣ ሰባት ወር። ምስጋናዋን እኔ ወሰድኩባት። ለልጄም ዋሸሁ። ሥራ በዝቶባታል አልኩ። አልበዛባትም። ያን ቀን የቀረችው ለአንቺ ብላ ነው፣ ልጄ።»

ሌላም ተናግሬያለሁ፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ኮቴው። በደንብ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞሬ፣ «እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለቴን ነው። ሁለት ዓመት የዘገየ።

ልጄ ተነሥታ ወጣች። አላየችኝም።

ሰዉ ሲበተን እትዬ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ! ቀሚሴ እንኳ አልተተኮሰም።»

«ይቅር በይኝ።»

«ድሮ ብዬሃለሁ። አሁን ቦርሳዬን ያዝልኝ፤ ግራዬ ደክሟል።»

እስከ አውቶቡሱ ቦርሳዋን ያዝኩላት።

ግንቦት 27፣ ማክሰኞ

ከልጄ ስልክ የለም። እትዬ ግን ደወለች።

«ትናንት መጥታ ነበር። አለቀሰች። ሳህኖቼን በሙሉ አጠበች፤ ሁለት ሰበረች። ተመስገን።»

«ስለ እኔ...?»

«አላነሣችህም። እኔም አልጠየቅኋት። እንዳትቸኩል።»

ብቻዬን ራት በላሁ። ድምፅ አውጥቼ አመሰገንኩ። ስለ እትዬ ስል አፌ አልተያዘም። ስለ ልጄ ስል ግን ድምፄ ተሰበረ። እንደዚያውም ቢሆን ጨረስኩት።

ግንቦት 29፣ ኀሙስ

ዛሬ ከሱቅ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ኮቴ ሰማሁ። ደረጃውን ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

የልጄን ኮቴ አውቀዋለሁ። ቀኝ እግሯን ሳብ ታደርጋለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። አላንኳኳችም። ቆመች። ቆየች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንድ እርምጃ እኔ አውቀዋለሁ፤ ምን ያህል እንደሚርቅ።

«መጣች። ተመስገን» አልኩ።

ባለቤቴ ከአልጋዋ መነሣት አትችልም ነበር። እኔ እችላለሁ።

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ።