አባትሽ ከጋራው ጫፍ ደውሎልሽ ነበር

ልጄ፣ ባለሽበት ፈጣሪ ከክፉ ይጋርድሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ እንዳለን አለን። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ደክሞ የስፌት መኪናዋን ሸጠች።

አባትሽ በጋው ሲገባ አብራችሁ የምትወጡትን ጋራ ዘንድሮ ብቻውን ወጣው። "እመጣለሁ ብላለች" እያለ ስንት ቅዳሜ ጠበቀሽ። "ለጉልበትህ እዘንለት" ብለው መች ሰምቶኝ። የላክሽለትን ጫማ አጥልቆ በጠዋት ሄደ፤ አመሻሽ ላይ እያነከሰ ገባ።

"ከጫፉ ላይ ደወልኩላት" አለኝ ገና ከበሩ። "ሥራ በዝቶባት ነው። እማዬን ሰላም በልልኝ ብላለች።"

ስልኩ ግን ረስቶት ስለሄደ ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። እግሩን ሲታጠብ ወስጄ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት። ምን ልበለው? ለራሱ እንኳ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ በስተርጅናው ላንቺ ብሎ መዋሸት ጀመረ።

ጫማ ይቅርብን። እሁድ ደውይለት። እኔ አጠገቡ ስለምሆን "ባለፈው ከጋራው ላይ እንዳወራነው" ማለቱ አይቀርም። "አዎ አባዬ" በይው። እሱ ዋሽቶልሻል፣ አንቺም አንዴ ዋሺለት።

መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ