የባለቤቴን ስም ማተም ስላላቆመው ፕሪንተር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ፤ ምኞቴ ከልብ መሆኑን እንዲያምኑልኝ የምለምነውም በሚመሩት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም ሰጥቶ ውጤት መጠበቅ ለጠላት እንኳ የሚመኙት ነገር ስላልሆነ ነው። እኔ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ በምትገኘው ጠባብ ሱቅ የምሠራ፣ የነርሶችዎን ጋውን የማሳጥርና የማስረዝም ልብስ ሰፊ ነኝ። ዛሬ የማስቸግርዎ ባለፈው ማክሰኞ ከላቦራቶሪዎ ተደውሎ የባለቤቴ ውጤት አሳሳቢ ስለሆነ በአስቸኳይ እንድትቀርብ ስለተነገረን ነው። ባለቤቴ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። ጥሪውን የማደርስበት መንገድ ስለጠፋኝ፣ ለቢሮዎ ብቻ ብጽፍም ከቀደሙት ማመልከቻዎቼ ጎን እንዳይተኛ ስለሰጋሁ፣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ለንባብ እንዲመችዎም ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

1. በቅድሚያ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ስለተደረገላት አገልግሎት እጅ እነሳለሁ። በዚያን ጊዜ በደም ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈውን ስም የሚያትመው የስቲከር ፕሪንተር ከኮምፒውተሩ ጋር አልተግባባም ነበር። የአይቲ ባለሙያዎ ታግሠው እንዳስረዱኝ ሁለቱ የሚገናኙት ሲሪያል በሚባል ገመድ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ የሚናገርበትና ፕሪንተሩ የሚሰማበት ፍጥነት እኩል ሆኖ ካልተስተካከለ ፕሪንተሩ የሰማ መስሎት የማይነበብ ነገር ያትማል። ነገሩ ለእኔ አልከበደኝም፤ በእግር በሚረገጥ ማሽን የሚሰፋ ሰው እግሩና እጁ ካልተስማሙ ክሩ እንደሚበጠስ ያውቃል። የከበደኝ፣ የጥያቄ ምልክትና የተቆራረጠ መስመር የተለጠፈበት የባለቤቴ ደም የማን እንደሆነ አልታወቀም ተብሎ ሁለት ጊዜ መደፋቱ ነው። በሦስተኛው ፍጥነቱ ተስተካከለና ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የካርድ ቁጥሯና የቤታችን ስልክ ጥርት ብሎ ታተመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሐኪሙ ውጤቱን አይተው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ መልካም ነበር አሉን። እኛ ቀደም ብለን መጥተን እዚያው በራቸው ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር።

2. ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ ላቦራቶሪው አዲስ ኮምፒውተር ስለገባለት እንኳን ደስ አለዎት፤ በምረቃው ዕለት በክብር የቆረጡትን ሪባን ጠርዙን ዘምዝሜ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። አዲሱ ኮምፒውተር ግን የዚያ የድሮ ገመድ መሰኪያ የለውም። በመካከል ገብታ የምታገናኛቸው ትንሽ አስማሚ እንድትገዛ ተጠይቆ ጥያቄው ከቢሮ ቢሮ እየተንሸራሸረ ነው፤ ገመዱም ጫፉን መሬት ላይ ጥሎ ተንጠልጥሏል። ፕሪንተሩ ለብቻው ቢቀርም መጨረሻ ያተመውን አይረሳም፤ ቁልፉን ሲጫኑት ያንኑ ደግሞ ያትማል። አሮጌው ኮምፒውተር የተበላሸው የባለቤቴን ስቲከር እንዳሳተመ ስለነበር መጨረሻ የታተመው የእሷ ነው። የላቦራቶሪው ልጆች ታማሚውን ባዶ እጁን ላለመመለስ ቁልፉን ይጫኑና በባለቤቴ ስም ላይ የአዲሱን ሰው የካርድ ቁጥር በእስክሪብቶ ይጽፉበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለካ ለሆስፒታልም ይሠራል። መብራት ከተቋረጠበት ያቺንም ስለሚረሳ «እባካችሁ አታጥፉት» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበት፣ መጠባበቂያ ባትሪም ተመድቦለታል። ባለቤቴ ተኝታ ሳለች መብራት በጠፋ ቁጥር የኦክስጅን መሣሪያዋም አብሮ ይጠፋ ስለነበር፣ ለስሟ የተደረገውን ይህን እንክብካቤ ሳይ እንባዬ መጣ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ክቡርነትዎ። ፕሪንተሩን ያየሁት ቀን ተናድጄ ነበር የገባሁት። የላቦራቶሪዋ ልጅ ግን፣ አባባ እኛስ ምን እናድርግ፣ ዝም ብለን ሰው እንመልስ እንዴ ብላ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ቁጣዬ ከዳኝ። አንድ ስቲከር ልጣ ሰጠችኝና የባለቤቴ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ሣጥን ክዳን ውስጥ ለጥፌዋለሁ። አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም። ናፍቃኛለች።

3. በብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር በማቀዝቀዣው እርጥበት ሲደበዝዝ ሠራተኞችዎ የሚነበበውን አይተው ወደ ቤታችን ስለሚደውሉልን ትጋት ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። ስልኩን የሚያነሡት አብረውኝ የሚኖሩት አማቴ ናቸው። እርጅና የቅርቡን ነገር ስለሚያስረሳቸው፣ የልጅዎ ውጤት ደርሷል በተባሉ ቁጥር ልጃቸው በሕይወት አለች ማለት ነውና ፊታቸው ይፈካል፤ ሻርፓቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኛል። መርዶ ለአንድ ሟች አንድ ጊዜ ይነገራል፤ እኔ ግን ለአንዲት እናት የአንዲት ልጇን መርዶ ደጋግሜ አረዳሁ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚያለቅሱት። በኋላ አንጀቴ አልችል አለና መዋሸት ጀመርኩ፤ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ናት እላቸዋለሁ። በእርስዎ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ያለ ሰው ለምን ዘገየ ተብሎ ስለማይጠየቅ ወዲያው አመኑኝ። ስሟ እንዲሰረዝልኝ ያመለከትኩላቸው የመዝገብ ክፍል ኃላፊም፣ ታካሚዋ ራሷ መታወቂያ ይዛ ትቅረብ ብለው በወግ መልሰውልኛል።

4. አሁን ምስጋናዬን አቁሜ ወደ ማክሰኞው ጥሪ ልመለስ። አንድ ሰው ደም ሰጥቷል። ደሙ ክፉ ነገር ተገኝቶበታል፤ አሁኑኑ ሕክምና ካልተጀመረ ጊዜ የለም ተብሏል። ሮጬ ስሄድ ብልቃጡን አሳዩኝ፤ የባለቤቴ ስም እንደ ዱሮው ጥርት ብሏል፣ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር ግን ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ያ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የልጆች እናት ይሁን የአንዲት እናት ልጅ፣ ስልክ ስላልተደወለለት ምንም የለብኝም ብሎ ሥራው ላይ ነው ያለው። የእኛን ቤት ሐዘን ሌላ ቤት ሊደግመው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ያ ደም በተቀዳበት ዕለት ደም የሰጡት ሁሉ ተጠርተው እንደገና ይመርመሩ ብዬ ብለምን፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ሕዝብ ይደናገጣል፣ የሆስፒታሉም ስም ይጎድፋል አሉኝ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን እሳቸውም ከእናታቸው ሳይሰሙ አልቀሩም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ለባለቤቴ የምለምንዎ ነገር የለኝም። የምለምንዎ ሰዎቹ ዛሬውኑ እንዲጠሩ ነው። ከዚያ በኋላ አስማሚዋ ተገዝታ፣ ፍጥነቱ ተስተካክሎ፣ ፕሪንተሩ የሕያዋንን ስም ማተም ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ እርሱ እስኪሆን ግን ማስታወቂያውን ልጠው ፕሪንተሩን ያጥፉልኝ። ስሟ ሲጠፋ የሚከፋው ከእኔ በላይ ማንም የለምና፣ እኔ ከፈቀድኩ ማንም አይከፋብዎትም።

ከበሽታ ሁሉ ተጠብቀው፣ ደምዎ ሌላ ሆስፒታል እየተመረመረ፣ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከሚመኝልዎ፣ ጋውንዎ ቢሰፋም ቢጠብም ለማስተካከል ሁልጊዜ ዝግጁ ከሆነው

ከአጥሩ ጀርባ ያለው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ የማክሰኞውን ስልክም ያነሡት አማቴ ናቸው። ጫማዬን ሳስር አጠገቤ ቆመው፣ ቶሎ በል ልጄ፣ ተመስገን ነው፣ ዘንድሮስ በጊዜ ደወሉ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስገባ፣ ደረሰች ወይ፣ ሐኪም አያት ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ይህ ጥያቄ የሌላ ሰው ሕይወት ስለሆነ መልሱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ፤ እስከዚያው ወረፋ ላይ ናት ብያቸዋለሁ።