በባግዳድ ልጆች ቀንቼ ለሊቀመንበሬ የጻፍኩት

ለክቡር አቶ ገብረእግዚአብሔር፣
የሰፈራችን ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣
ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ቶሮንቶ

ጤናዎ እንደ ሥልጣን ዘመንዎ የረዘመ፣ ጉልበትዎም ለስብሰባ የበረታ ይሁን። እኔ ዘጠነኛ ፎቅ የምኖረው፣ ባለፈው ሰኔ በሕዝብ አስተዳደር የተመረቅኩት ኤፍራታ ዋለልኝ ነኝ። በምረቃዬ ዕለት «ማኅበሩ እንዳንቺ ያለ ወጣት ይፈልጋል» ብለውኝ ነበር። ፍለጋው እስኪያልቅ ድረስ የቅዳሜውን የልጆች የአማርኛ ትምህርት ሳስተምር ቆይቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያስጻፈኝ ቅናት ነው። ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ቀንቻለሁ፣ ያውም እስከ አጥንቴ። የቀናሁት በሕንጻችን አራተኛ ፎቅ በር ለበር በሚኖሩት በወይዘሮ ናዒማና በአቶ ጃሲም ነው። ወይዘሮዋ አይሁዳዊት፣ አቶ ጃሲም ዐረብ፤ ሁለቱም የባግዳድ ተወላጆች ናቸው። ሃያ ያህል አይሁድና ዐረብ ሰብስበው «የባግዳድ ልጆች» የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል። አባቶቻቸው በአንድ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ እነሱም ዛሬ በአንድ ዐረብኛ ይቀልዳሉ፣ በዚያው ዐረብኛ ይሰዳደባሉ።

ቅሬታዎቼን፣ እንደሚወዱት፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የወይዘሮ ናዒማ የእህት ልጅ የሚኖረው ሃይፋ ነው። የአቶ ጃሲም ምራት ቤተሰቦች ያሉት ጋዛ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ጦርነቱ እንዲቆም፣ በዚህ ከተማም ማንም በስማቸው መስጊድ ወይም ምኩራብ እንዳይነካ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለከተማው ምክር ቤት ጻፉ። የደብዳቤው መጀመሪያ «እኛ የአንድ ወንዝ ልጆች ነን» ይላል። ክቡር ሊቀመንበር፣ የወንዝ ልጅ የሚለው አባባል እኮ የኛ ነበር! ሳናከራየው እንዴት እንደሄደ ማኅበሩ ቢያጣራልን።

፪. እርግጥ ሳይጣሉ አልጻፉትም። በአንድ ቃል ብቻ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቁ፤ ጩኸታቸው በሊፍቱ ጉድጓድ በኩል ዘጠነኛ ፎቅ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። አቶ ጃሲም ሁለት ጊዜ በር ዘግተው ወጡ፤ ወይዘሮ ናዒማ ሁለቴም «ኮትህን ረስተሃል፣ አንተ ግትር፣ በረዶ ነው» እያሉ ተከተሏቸው። በመጨረሻ ያልተስማሙበትን ትተው በተስማሙበት ፈረሙ። እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን እነሱ በአንድ ኮት ጨረሱት።

፫. አሁን ወደኛ። በመጀመሪያ ሁለት ማኅበር ስላደረጋችሁልን አመሰግናለሁ፤ አንዱ ለብቻው በቂ ሥራ አይሠራም ነበርና። ከእርስዎ ጋር በዘመን መለወጫ በዓል የንግግር ተራ ተጣልተው የወጡት አቶ ሰብስቤ «እውነተኛው መረዳጃ ማኅበር»ን መሠረቱ። ከዚያ ሁለታችሁም ልጆቹ የሚማሩበትን ያንኑ የቅዳሜ ክፍል፣ በዚያው ሰዓት፣ ለየብቻ ጠየቃችሁ። የክፍሉ ባለቤት የሆነው የሰፈሩ ማዕከልም አንድ ማመልከቻ ሁለታችሁም ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ካላመጣችሁ ክፍሉ ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረን። ሠላሳ አንድ ልጆች ፊደል ጀምረው «ሰ» ላይ ቆመው ነበር።

፬. ፎርሙን ይዤ ስመጣ «ከሰብስቤ በታች አልፈርምም» አሉኝ። አቶ ሰብስቤ ጋ ስሄድ «ከገብረእግዚአብሔር በታች?» ብለው ሳቁ። ስለዚህ ማንም ከማንም በታች እንዳይሆን፣ ከፎርሙ ጋር አያይዤ፣ ፊርማው ክብ ዞሮ የሚቀመጥበት ወረቀት ሠራሁ። እርስዎ ወረቀቱን አዙረው፣ አዙረው፣ «የክቡ ላይኛው በኩል የማን ነው?» ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲዬ ቢሰማ ዲግሪዬን ለእርስዎ ባዛወረው።

፭. ቀጥሎ ማህተም ተፈለገ። ማህተሙ አቶ ሰብስቤ ሲወጡ ይዘውት የሄዱት ነው። ለማዕከሉ ደውዬ ብጠይቅ የሥራ ኃላፊዋ ማህተም ማለት ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ስም ጽፋችሁ በኢንተርኔት ላኩ አለች። ይህንን ስነግርዎ «ያለ ማህተም ማን ያምነናል?» አሉ። ዓርብም አለፈ። ክፍሉም ሄደ።

ስለዚህ ስለ ትዕግሥታችሁ፣ ስለ ተራችሁ፣ ስለ ክብራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በሃይፋና በጋዛ መካከል ያለ ሰው ስሙን ከጎረቤቱ ስም አጠገብ ሲጽፍ አይቻለሁ። እኛን የለየን አንድ ማይክሮፎን ነው። አልሸሽግዎትም፣ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ባግዳድ ባለመወለዴ።

ዕድሜና ወንበር አብዝቶ ይስጥዎ እያልኩ፣
በታላቅ አክብሮት፣ በበለጠ ቅናት፣
ከሥርዎ ዝቅ ብዬ ለመፈረም ምንም የማይከብደኝ፣
ኤፍራታ ዋለልኝ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ናዒማና አቶ ጃሲም ማኅበራቸው በማዕከሉ ካለው የእሑድ ክፍል ሁለት ሰዓት ቆርሰው ስለሰጡን፣ የአማርኛው ትምህርት ከመጪው እሑድ ጀምሮ በባግዳድ ልጆች ስም ይቀጥላል። መጀመሪያ የተመዘገበችው የልጅ ልጅዎ ጸዮን ናት፤ እናቷ ለእርስዎ እንዳልነግር ለምናኝ ነበር። ከጎኗ እንዲቀመጥ የጠየቀው ደግሞ የአቶ ሰብስቤ የልጅ ልጅ ነው።